የወፍ ወባና የደጋው ድንበር በሃዋይ ደሴቶች

የዱር ወፎችን የሚያጠቁ ጥገኛ ተሕዋስያን የት ድረስ እንደሚዘልቁ የሚወስነው የወፎቹ መገኘት ብቻ አይደለም። የወፍ ወባ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተሕዋሱ በወፍ ደም ውስጥ ሳለ የአየሩ መቀዝቀዝ ብዙም አይነካውም፤ ወፍ ባለ ሞቃት ደም ናትና። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ሰውነቷን ማሞቅ አትችልም። አየሩ ሲቀዘቅዝ እሷም ትቀዘቅዛለች፤ በውስጧ ያለው ተሕዋስም እድገቱ ይጓተታል።

ሃዋይ ቀድሞ የወባም የትንኝም አገር አልነበረችም። ኩሌክስ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ1826 በመርከብ የውሃ በርሜል ማዊ ደሴት እንደገባች ይነገራል። የወፍ ወባ አምጪው ፕላዝሞዲየም ሬሊክተም ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከባዕድ ወፎች ጋር ተከተለ። የደሴቶቹ ወፎች በሽታውን ፈጽሞ አያውቁትም ነበር። ኢኢዊ የተባለችው ቀይ ወፍ በአንዲት የተበከለች ትንኝ ንክሻ ብቻ የመሞት ዕድሏ 90 በመቶ ገደማ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሰው ወባ የቆላ በሽታ እንደሚባለው ሁሉ ሃዋይም ውስጥ የወፍ ወባ በከፍታ የተገደበ ነው። ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ አያድግም። በሞቃት ስፍራ በሳምንት ገደማ የሚበስለው፣ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ ያን ያህል አይቆዩም። ስለዚህ የድንበሩ ምሥጢር ተሕዋሱ ለመብሰል የሚፈጀው ጊዜና የትንኟ ዕድሜ የሚያደርጉት ሽቅድምድም ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው ደን ለረጅም ጊዜ መሸሸጊያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚገርመው ግን በማውና ሎአ ተራራ ተዳፋት በሽታው የበረታው እጅግ ሞቃት በሆነው ቆላ አልነበረም። ትንኝና በቀላሉ የሚጠቁ ወፎች የሚገናኙበት መካከለኛው ከፍታ ነበር የባሰው።

አየሩ ሲሞቅ ድንበሩ ወደ ላይ ይገፋል። የካዋይ ደሴት ከፍተኛ ጫፍ 1,600 ሜትር አይሞላም፤ ወፎቹ የሚሸሹበት ደጋ የላቸውም። በደሴቲቱ የአላካይ አምባ የበሽታው ስርጭት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ አኪኪኪ የተባለችው ትንሽ ወፍም በዱር ልትጠፋ ተቃርባለች። በትልቁ ደሴት ማውና ሎአ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢረዝምም፣ እርጥቡ ደን ከጫፉ በብዙ ዝቅ ብሎ ስለሚያበቃ ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ምድር ለደን ወፍ አይበጅም።

አማኪሂ የተባለችው ወፍ ግን ከደንቡ ወጣ ያለች ናት፤ በትልቁ ደሴት ቆላ በሽታውን ችላ የምትኖር ዝርያ አፍርታለች። በሽታውን መቻል እስኪለምዱ ጊዜ ለሌላቸው ወፎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ማዊ ላይ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ የተሸከሙ ወንድ ትንኞች እየተለቀቁ ነው። ወንድ ትንኝ አይናከስም፤ ከእሱ ጋር የተዳቀለችው የዱር እንስት እንቁላልም አይፈለፈልም። እንስቶቹ ተመናምነው እንዲቆዩ ግን ወንዶቹ ያለማቋረጥ መለቀቅ አለባቸው።