በደመና ውስጥ ግቢ ስለ ማጠር



«ደመና» የሚለው ስም ነገሩን ረቂቅ ያስመስለዋል እንጂ፣ በተጨባጭ የሌላ ድርጅት ሕንፃ፣ የሌላ ድርጅት ማሽንና ሽቦ ነው። በዚያው ማሽን ላይ የማናውቃቸው ደንበኞችም ይሠራሉ። የእኛ ድርሻ ከእነርሱ ተለይቶ የሚቆመው በምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ላይ ነው።

የተለየ ኔትወርክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በገመድና በሳተላይት አገናኝቷል። ለዚህም መሣሪያው ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ በየወረዳው መተከል ነበረበት። አማዞን በ2001 ዓ.ም. ለደንበኞቹ ያቀረበው የግል ኔትወርክ ግን አጥሩ በሙሉ በሶፍትዌር የሚታጠር ሲሆን፣ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ በደቂቃ የተወሰነውን ማረም ወራት ሊፈጅ ይችላልና።

እጃጂን ለምሳሌ እንውሰድ። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን መዝገብ በደመና ሊያኖር አሰበ እንበል። የመጀመሪያው ሥራ አድራሻ መምረጥ ነው። በ1988 ዓ.ም. በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ለግል ኔትወርክ ሦስት የአድራሻ ወሰኖች ተለይተዋል፤ በ10 የሚጀምረው ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይዟል። ብዙ ሰው ግን በመመሪያ ላይ ያየውን 10.0.0.0/16 እንዳለ ይገለብጣል። በአምቦ ያለ ሌላ ማኅበርም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ መዝገባቸውን ሊያገናኙ በተነሡ ቀን 10.0.1.5 የተባለው ማሽን የእጃጂው ይሁን የአምቦው መለያ የለውም፤ አቅራቢውም በቀጥታ ማገናኘቱን አይቀበልም። ያን ጊዜ አባላት ገንዘብ እያስገቡና እያወጡ ሳሉ አንዱን ኔትወርክ አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ይመጣል። በርካታ የቢሮ ራውተሮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት 192.168.1.0/24 ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ደብተር ይከፈት እላለሁ፤ ለእጃጂ 10.20፣ ለጌዶ 10.21፣ ለአምቦ 10.22 ተብሎ ይመዝገብ።

ቀጥሎ የግቢው ውስጥ አከፋፈል ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት አዳራሽና እልፍኝ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ከደንበኛ ጋር የሚገናኘው ሰርቨር በውጭው ክፍል ይቀመጥ፤ የገንዘብ መዝገቡ ግን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ መንገድ በሌለው በውስጠኛው። የፋየርዎል ደንብ በስሕተት ሊከፈት ይችላል፤ መንገዱ ካልተዘረጋ ግን ከውጭ በቀጥታ የሚደርስበት የለም። ውስጠኛው ሰርቨር የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲያስፈልገው የሚወጣው በአድራሻ ለዋጭ በኩል ነው። ይህ በሰዓት ስለሚከፈልበት «ለጊዜው ነው» እያሉ መዝገቡን ወደ ውጭው ክፍል የሚያወጡ አሉ። እኔ ይህን ቁጠባ አልለውም።

አጥሩ ሰውን ይከለክላል እንጂ መዝገቡን አያመሰጥርም፤ የይለፍ ቃል ያገኘ ሁሉ በበሩ ይገባል። ደግሞም ማሽኑ ያለው በኬፕ ታውን ከሆነ መዝገቡ ከአገር ወጥቷል ማለት ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወደ ውጭ ስለሚተላለፍ መረጃም ደንግጓል። ማኅበሩ ውል ከመፈረሙ በፊት ማሽኖቹና መጠባበቂያ ቅጂዎቹ በየት አገር እንደሚቀመጡ አቅራቢውን በጽሑፍ ይጠይቅ።