በየዘመኑ የታከለበት የጎንደር ፋሲል ግቢ

አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርን መናገሻ አድርገው ያሠሩት ግንብ፣ ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩበትን የረጅም ዘመን ልማድ በቋሚ መቀመጫ ለመተካት መሠረት የጣለ ታላቅ ሥራ ነው። በአራት ማዕዘኖቹ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች የቆሙለት ይህ ሕንፃ የተገነባው የባዛልት ድንጋይን በኖራ፣ ማለትም ተቃጥሎ በውሃ በሚለዝብ ነጭ ማያያዣ፣ በማጣበቅ ሲሆን፣ በበርና በመስኮት ቅስቶቹ ዙሪያ የተደረደረው ቀላ ያለ ድንጋይ ልዩ ውበት አላብሶታል። ተከታዮቹ ነገሥታት የቀደመውን አፍርሰው በቦታው ከመተካት ይልቅ በአጠገቡ የየራሳቸውን አከሉ፤ ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ ሣልሳዊ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ግንብ አሠሩ። የኢያሱን ቤት እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ የአየር ድብደባ ክፉኛ ጎዱት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሕንፃዎቹን የጠገኑበት ሲሚንቶ ከኖራው ጋር የማይስማማ ስለነበር፣ የኋላ ጠጋኞች ወደ ቀድሞው ማያያዣ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ርዝመቱ 900 ሜትር በሆነ ቅጥር የተከበበው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ የጥንት ግንበኞችን ጥበብ ጠንቅቆ ማወቅና ለተተኪው ማስተማር የቅርሱ ጥበቃ ዋና አካል ነው።