የኋላ ፍሬን ታምቡር ሲጣበቅ
ለሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር አባላት የተሰጠ ንግግር



እኛ በጋራዥ ሥራ ላይ ያለን የማኅበሩ አባላት ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ባለ መኪናን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ልጆቻችን ቁልቁለቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ እናቶቻችን በዚያው መንገድ ከገበያ ይመለሳሉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ የቆመውን መኪና ባለበት ይዞ የሚያቆየው ደግሞ የኋላው ፍሬን ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ክረምቱ ሲወጣ በየግቢው የምንሰማው እሮሮ አንድ ዓይነት ነው። ቆሞ የከረመው መኪና ሲነሣ የኋላ ጎማው አልዞርም ይላል፤ ወይም ሸራ ሊቀየር ጎማው ከወለቀ በኋላ ታምቡሩ አልወጣም ብሎ ያስቸግራል። ያን ጊዜ መርቴሎ ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም «በርታ፣ ድገመው!» ይላል። መጨረሻ ላይ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለንን መኪና ጠግነን መያዝ ግዴታ ሆኖብናል። ታዲያ ደኅናውን ዕቃ በገዛ እጃችን ለምን እንሰብራለን?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ታምቡሩ ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ድስት የመሰለ ብረት ነው። በውስጡ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ግማሽ ጨረቃ መሰል ብረቶች አሉ። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይቱ በትንሹ ሲሊንደር ውስጥ ያሉትን ፒስቶኖች ይገፋል፤ እነሱም ሸራዎቹን ወደ ውጭ ከፍተው ከታምቡሩ ጋር ያጣብቋቸዋል። የእጅ ፍሬኑም በካቮ ስቦ የሚከፍተው እነዚሁኑ ሸራዎች ነው።

ታምቡር አልወጣም የሚልባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከመሽከርከሪያው ጋር በዝገት ተያይዟል። ሁለተኛ፣ ሸራው ለብዙ ጊዜ የታምቡሩን ውስጥ ሲበላው ዳር ላይ ጠርዝ ይቀራል፤ ታምቡሩ ሲሳብ ጠርዙ ከሸራዎቹ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛ፣ መኪናው እርጥብ እንደሆነ በእጅ ፍሬን ቆሞ ስለከረመ ሸራው ራሱ ከታምቡሩ ጋር ዝጎ ተጣብቋል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መምታት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። የኋላው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ ራሱን አያስገባ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ይህን ረስቶ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚታገል ሰው ጥቂት አይደለም። ታምቡሩን የያዘ ትንሽ ቪቴ ካለም ይፈታ።

ቀጥሎ መሐል ቀዳዳው ዙሪያና የጎማ ብሎኖቹ ሥር ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገን ጥቂት እንታገሥ። ብዙዎቹ የጃፓን መኪናዎች ታምቡራቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህ ያለ ምክንያት የተበሱ አይደሉም። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ12 ቁጥር ቁልፍ የሚጠብቅ ብሎን በሁለቱም ውስጥ አስገብተን አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያፈራረቅን ስናጠብቅ ታምቡሩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። አንዱን ብቻ ማጥበቅ ታምቡሩን ያጣምማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና መቸኮል አያስፈልግም።

ትንሽ ወጣ ብሎ ከቆመ የያዘው ጠርዙ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ከበስተኋላ ያለውን የጎማ ድፍን አውጥተን፣ በአንድ ካቻቢቴ የማስተካከያውን ምላስ ገፋ፣ በሌላው ባለ ጥርሱን ማስተካከያ ወደ መላላቱ እናዙር። ሸራዎቹ ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ ታምቡሩ ይለቃል። መምታት የግድ ከሆነም በእንጨት ላይ፣ በጎማ ብሎኖቹ መካከል ባለው ፊት ላይ፣ ዙሪያውን እያዳረሱ ነው እንጂ ጠርዙን አይደለም። ታምቡር የሚሠራበት ብረት ተሰባሪ ነውና ጠርዙ ሲመታ ይሰነጠቃል። በእሳት ማጋልም አይገባም፤ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ይቃጠላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ማሳሰቢያ እንስጥ። ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ ጥቁር አቧራ ተከማችቶ ይገኛል። አንዳንድ ሸራ፣ በተለይ የድሮው፣ አዝቤስቶስ አለበት። አዝቤስቶስ ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ በሽታው የሚታየው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የትኛው ሸራ እንዳለበት በዐይን አይለይም። ስለዚህ አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር «እፍ» ማለት ፈጽሞ ይቅር። ሳሙና ባለው ውኃ አርጥበን በጨርቅ እንጥረግ፤ ጨርቁንም በላስቲክ አስረን እንጣል። ለዕለት እንጀራቸው በየጋራዡ የሚረዱ ልጆች የእኛው ልጆች ናቸው። የዛሬዋ አንዲት «እፍ» ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ የምታስከፍለውን አይተን ዝም ማለት የለብንም።

ከጸዳ በኋላ እንመርምር። የሲሊንደሩ ጎሚኒ ቀስ ተብሎ ሲገለጥ ዘይት ካለበት ሲሊንደሩ ያፈሳል፤ ይጠገን ወይም ይቀየር። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይድንም። ሸራ ሲቀየር ምንጊዜም በግራም በቀኝም ነው፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ታምቡሩ ሊበላ የሚችልበት ልክ አብዛኛውን ጊዜ በላዩ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 200 ሚሊ ሜትር የነበረው ብዙ ጊዜ ከ201 ማለፍ የለበትም። ሞላዎቹ የት የት እንደሚገቡ ግራ እንዳያጋባ አንዱን ጎን ጨርሶ መግጠም፣ ከዚያ ሌላውን መፍታት ነው። ሸራ የያዙት ብረቶች የሚንሸራተቱባቸው ቦታዎች ሙቀት የሚችል ግራሶ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ሸራውን ግን ግራሶ አይንካው። መሐል ቀዳዳውም ዝገቱ ተፍቆ በስሱ ቢቀባ በሚቀጥለው ጊዜ መታገል አይኖርም። ከተገጠመ በኋላ ጎማው በእጅ ሲዞር በጥቂቱ ብቻ የሚነካካ ይሁን። ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊትም ሜዳ ላይ በእግር ፍጥነት ይሞከር።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ልክ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየ 2 ዓመቱ ይቀየር። የሞተር ዘይት መጨመርማ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያጠፋል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ስንወርድም በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ ፍሬን ረግጦ መውረድ አይሆንም፤ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፣ የጋለው ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ስለ ሰፈራችን። በክረምት ለብዙ ቀን የሚቆም መኪና ሜዳ ላይ ሆኖ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ታኮ ተደርጎለት፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ይቁም፤ በሳምንት አንድ ቀንም ጥቂት ይነዳ። ቁልቁለት ላይ የሚቆም ግን የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ወደ መንገዱ ዳር ይዙር፣ ድንጋይም ይደገፍ። ድንጋዩን ደግሞ ስንሄድ እናንሣው እንጂ መንገድ ላይ ጥለነው አንሂድ፤ ማታ የሚመጣው ሞተር ሳይክል አያየውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ፍሬናችንን ዛሬ ብናይ ነገ ከማንም ደጅ ልቅሶ አንቀመጥም።