የድምፅ መስጫ ወረቀት መንገድ፦ ከመጋዘን እስከ ምርጫ ጣቢያ

(ለአራዳና ለፒያሳ አካባቢ መራጮች በፓርቲያችን የምርጫ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ያለን አቋም በማኒፌስቷችን ተዘርዝሯል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተንጠለጠሉት በእርሱ ላይ ነው። ጉዳዩ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ የመራጮች መዝገብና የውጤት ማሳወቂያ ቅጽ ከማን እጅ ወጥቶ፣ በማን ተጭኖ፣ ለማን እንደሚደርስ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን መራጩ ድምፁን የሚሰጠው በወረቀት ነው። ወረቀቱ ታትሞ ወደ ምርጫ ቦርድ መጋዘን ይገባል፤ ከመጋዘኑ ወደ ምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ተከፋፍሎ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይደርሳል። ድምፅ ተሰጥቶ ከተቆጠረ በኋላ ደግሞ የውጤቱ ቅጽ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 102 ደግሞ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ የሆነ የምርጫ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ይሁን እንጂ እናንተና ቦርዱ የምትገናኙት በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካልደረሰ ወይም ስንት ሆኖ እንደደረሰ ካልታወቀ፣ መብቱ በሕገ መንግሥቱ ገጽ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

ወገኖቼ፣ ይህን የምለው ያለ ማስረጃ አይደለም። የቅርቡን እናስታውስ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በመጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታስቦ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዘመ። ቀጥሎ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ደግሞ ለሰኔ 5 ቀን ተቆረጠ። ያም ቀርቶ ለሰኔ 14 ቀን ተላለፈ። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ በሽታ አልነበረም። የመራጮች ምዝገባ መጀመር በነበረበት ጊዜ ብዙ ጣቢያዎች አልተከፈቱም ነበር። ቦርዱ ራሱ የክልል መንግሥታት ቢሮና ተሽከርካሪ በወቅቱ ባለማቅረባቸው ሥራው እንደተጓተተ በይፋ ተናግሯል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንድ ታላቅ አገር ምርጫ በመኪና እጦት ሲጓተት አይተናል። መኪናውን ያዘገየውም ራሱ በምርጫው የሚወዳደረው ገዥ ፓርቲ የሚመራው አስተዳደር ነበር።

በድምፅ መስጫው ዕለትም ችግሩ አላበቃም። በሲዳማ ክልል የድምፅ መስጫ ወረቀት በማነሱ ሕዝቡ ተሰልፎ ውሎ በማግሥቱ እንዲመርጥ ተደረገ። በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች የወረቀቱ ኅትመት ስሕተት ስለተገኘበት፣ በሌሎችም በጸጥታ ምክንያት፣ ምርጫው በሰኔ 14 ሳይካሄድ ቀረ። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች መራጮች እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባቸው። በዚህ በአዲስ አበባም ሰልፉ ረዝሞ፣ በ12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረው ድምፅ መስጠት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ።

እዚህ ላይ በቅንነት መናገር ይገባል። መዘግየት ሁሉ ስርቆት አይደለም። ቦርዱም ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ራሱ ይፋ ማድረጉ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ጥያቄው ይህ ነው፦ መዘግየቱን ከማጭበርበር በምን እንለየው? መልሱ አንድ ነው፤ በርክክብ ሰነድ። ስንት ወረቀት ወጣ? በስንት ሰዓት ወጣ? ማን ጫነው? ማን ተረከበው? የማሸጊያው ቁጥር ስንት ነበር? ይህ በእያንዳንዱ እርከን ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ለሕዝብ ከታየ መዘግየት መዘግየት ብቻ ሆኖ ይታለፋል። ካልተጻፈ ግን ንጹሑም ሌባውም አንድ ይሆናሉ፤ ሕዝቡም ሁለቱንም ይጠረጥራል።

የጥርጣሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ ከተማ ሕዝብ መንገር አያስፈልግም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። የከተማውን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያ በኋላ ግን አገር አቀፉ ውጤት ዘገየ። ሰኔ 1 ይፋ ይሆናል የተባለው ውጤት ተራዘመ፤ አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ተደራረበ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ። በመካከሉና ከዚያም በኋላ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። ያ ሁሉ የመጣው በወረቀት ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን በየጣቢያው የተፈረመው ቅጽ በሁሉም ወገን እጅ ቢኖርና ከማዕከሉ ድምር ጋር በአደባባይ ቢመሳከር ኖሮ፣ ክርክሩ በመንገድ ላይ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ በተካሄደ ነበር።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከዚህ ተምረዋል። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነሐሴ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. የፕሬዚዳንቱን ምርጫ የሻረው መራጩ ስለተሳሳተ አልነበረም። ከጣቢያና ከምርጫ ክልል የተላኩት የውጤት ቅጾች አላላክ ሕጉን ያልተከተለ፣ አንዳንዶቹም የደኅንነት ምልክት የሌላቸው ሆነው ስለተገኙ ነው። በማላዊ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ በውጤት ቅጾቹ ላይ ቁጥሮች በነጭ ቀለም ተሰርዘው በመገኘታቸውና በሌሎች ጉድለቶች በጥር 2012 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተሻረ። በሰኔ ወር በተደገመው ምርጫም ተቃዋሚው ወገን አሸነፈ። በሁለቱም አገሮች ዳኞቹ የሚመረምሩት ወረቀት ነበራቸው። ወረቀት በሌለበት ግን ዳኛው ምን ይዞ ይፈርዳል?

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህ እኛ የፈጠርነው አዲስ ጥበብ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕቃ ወደ ስቶር ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። አንድ ወንበር ያለ ፊርማ ከክፍል ወደ ክፍል አይዛወርም። ፖስታ ቤት በ1886 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ዘመን ጀምሮ እንኳ ሪኮማንዴ ደብዳቤ ያለ ፊርማ አይሰጥም። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ወርቁን የሚመዝኑት ባለቤቱ ፊት ነው። የዕቁብ ዕጣ የሚወጣው ዕቁብተኛው ሁሉ እያየ ነው። የእድር ገንዘብም የሚቆጠረው በጸሐፊው፣ በገንዘብ ያዡና በአባላቱ ፊት ነው። ለወንበር፣ ለደብዳቤ፣ ለወርቅና ለዕቁብ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለአገር ሥልጣን እንዴት እንነፍጋለን?

በተለይ በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ስም ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ በከተማው ዳር ወዳሉ መንደሮች ሄዷል። ለዘመናት አብሮ የኖረ ጎረቤት፣ እድሩም ጭምር ተበትኗል። በምርጫ ሕጉ መሠረት መራጭ የሚመዘገበው ቢያንስ ለስድስት ወር በኖረበት የምርጫ ክልል ነው። ስለዚህ የተነሡት ወገኖቻችን የሚመርጡት አሁን ባሉበት ነው። ታዲያ ለየጣቢያው የሚላከው ወረቀት በአሮጌ ግምት ከተደለደለ ምን ይሆናል? ሰው በተነሣበት በፒያሳ ባለቤት የሌለው ትርፍ ወረቀት ይከማቻል፤ ሰው በሰፈረበት በከተማው ዳር ደግሞ ወረቀት ያልቅና መራጩ ተሰልፎ ይመለሳል። አንደኛው ለማጭበርበር በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው መብት ይነፍጋል። ሁለቱንም የሚያስቀረው የወረቀቱን ብዛት በአዲሱ ምዝገባ ልክ ማድረግና ቁጥሩን አስቀድሞ መንገር ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተሉት አምስት ነጥቦች በሥራ ላይ እንዲውሉ ከቦርዱ ይጠይቃል፤ በእናንተ ድምፅ ምክር ቤት ሲገባም ሕግ እንዲሆኑ ይታገላል።

አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ የተመዘገበው መራጭና የተላከው የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ፣ ከምርጫው ዕለት በፊት በጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ ከመጋዘን እስከ ጣቢያ ባለው በእያንዳንዱ ርክክብ አስረካቢና ተረካቢ፣ ሰዓቱንና የማሸጊያውን ቁጥር ጽፈው ይፈርሙ። የተወዳዳሪ ፓርቲዎችና የግል ዕጩዎች ወኪሎች በቦታው ተገኝተው ቅጂ ይውሰዱ።

ሦስተኛ፤ የምርጫ ዕቃ የሚጓጓዘው በቦርዱ በራሱ ወይም ቦርዱ በተከራየው ተሽከርካሪ ይሁን። የምርጫ አስፈጻሚ ከወረዳ አስተዳደር መኪና መለመን የለበትም።

አራተኛ፤ ዕቃው ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ጣቢያው ይድረስ። ከዘገየ ምክንያቱና የሚካካሰው ሰዓት በዚያው ሰዓት ለተሰለፈው ሕዝብ ይነገር።

አምስተኛ፤ የመልሱም ጉዞ እንደ መሄጃው ይሁን። ተቆጥሮ የተፈረመው የውጤት ቅጽ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፣ ለወኪሎች ቅጂው ይሰጥ፣ ማዕከሉም የየጣቢያውን ቅጽ አንድ በአንድ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።

ይህ አሠራር ተቃዋሚን ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የምርጫ አስፈጻሚውን ነው። እርሱ የእናንተ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ነው፤ የሰፈራችሁ መምህር ወይም ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሊሆን ይችላል። ወረቀት ቢጎድል የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ሕዝቡ ቢቆጣ ፊት ለፊት የሚያገኘው እርሱን ነው። በእጁ የተፈረመ ሰነድ ካለ «የተረከብኩት ይህን ያህል ነው፤ የተረከብኩትም በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል። ገዥው ፓርቲም በእውነት ካሸነፈ ድሉን የሚያስከብርለት ይኸው ሰነድ ነው።

በመጨረሻም ወደ እናንተ ልመለስ። ሕግ እስኪወጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በወቅቱ ተመዝገቡ፤ ካርዳችሁን በጥንቃቄ ያዙ። ከዚህ የተነሡ ጎረቤቶቻችሁን አግኝታችሁ ባሉበት እንዲመዘገቡ አስታውሷቸው። ወጣቶች ለወኪልነትና ለታዛቢነት ተመዝገቡ። በምርጫው ዕለት ስትሰለፉ «ስንት ወረቀት ደረሰ?» ብላችሁ በጨዋነት ጠይቁ። ማታ ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ አንብቡት፣ ጻፉት። አትጋፉ፣ አትሳደቡ፣ ድንጋይ አታንሡ። ቁጥሩን የያዘ ሰው ጩኸት አያስፈልገውም።

የዚህ ሰፈር ስም በመላ አገሪቱ የንቁ ሰው መጠሪያ ሆኗል። አራዳ የሚባለው ሲሸጥ ሲገዛ የማይታለል ነው። በድምፁም እንዳይታለል ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አያንሣ።

ድምፃችን በሰላም ተሰጥቶ፣ በሰላም ተጓጉዞ፣ በትክክል ይቆጠር!