በሙቀት ወራት ስለ አተነፋፈስና ገላን ስለ ማቀዝቀዝ
(ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት በባሕር ዳር ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ሙቀቱ የሚበረታበት ነው። በቀትር 30 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። በዚህ ወራት ብዙ ሰው የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «በአተነፋፈስ ብቻ ገላን ማቀዝቀዝ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት በሕንድ አገር የተጻፈው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የተባለ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት የሚያቀዘቅዝ አተነፋፈስ ያስተምራል። አንደኛው «ሺታሊ» ይባላል፤ ምላስን እንደ ቧንቧ ጠቅልሎ አየሩን በላዩ መሳብና በአፍንጫ ማስወጣት ነው። ምላሱ አልጠቀለል ያለው ሰው «ሲትካሪ» የተባለውን ያደርጋል፤ ይህም ጥርስን ገጠም አድርጎ አየሩን «እስስ» እያሉ መሳብ ነው። ይህንንስ ሳንማረው እናውቀዋለን፤ ሚጥሚጣ ሲያቃጥለን የምናደርገው ይህንኑ አይደለም እንዴ?

እስኪ አሁን ሞክሩት። ምላሳችሁ ቀዝቀዝ አለ አይደል? ምላስ እርጥብ ስለሆነ አየሩ ሲያልፍበት እርጥበቱ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን የቀዘቀዘው አፍ ነው እንጂ ሰውነት አይደለም። ሰው ሲያርፍ ከሚያስወጣው ሙቀት በትንፋሽ የሚወጣው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው።

ውሻ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከው እንደ እኛ ገላው ሁሉ ስለማያልበው ነው። ባንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት «እኔስ እንደ ውሻ ባለከልክ?» ብሎ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱን አዞረው፤ ጣቶቹም ደነዘዙ። በፍጥነት ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ እንዲህ ያደርጋል። አስቀምጠን ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ አደረግነውና ተሻለው፤ በኋላም አብሮን ሳቀ።

አተነፋፈስ ጥቅም የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ዐዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጥላ ውስጥ ተቀምጦ በአፍንጫ እየሳቡ፣ ቀስ እያሉም እያስወጡ፣ በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ ማድረግ ልብን ያረጋጋል፤ ሌሊት በሙቀት እንቅልፍ እምቢ ላለውም ይረዳል። ያዞረው ሰው ይተወው። በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ምጣድ አጠገብ ሆኖ በረጅሙ መተንፈስ ግን ጭስ መጠጣት ነው። እንጀራው በማለዳ ይጋገር፤ በሩም ይከፈት።

ገላን የሚያቀዘቅዘው ዋናው ነገር ላብ ነው። የሸክላ እንስራ ውሃ ከፕላስቲክ ጀሪካን ውሃ ይልቅ የሚቀዘቅዘው ለምን ይመስላችኋል? እንስራው ስለሚያልበው ነው። ከውጭ ያለው እርጥበት በነፋስ ሲደርቅ የውስጡን ሙቀት ይወስዳል። እንደዚሁም 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲደርቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም 7 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። በመጋቢት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል፤ ሰውም «መቼ አላበኝ» እያለ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። ዐቢይ ጾምም በዚሁ ወራት ስለሚውል፣ የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ በጧት ቢጨርስና ማታ ውሃ ደጋግሞ ቢጠጣ ይበጀዋል።

እንስራ ነፋስ ካላገኘ አይቀዘቅዝም፤ ሰውም እንደዚያው። እኛ ግን ምች እንዳይመታን ብለን መስኮት እንዘጋለን፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ በጋቢ እንጠቀልላለን፤ አራሷንም አፍነን እናስቀምጣለን። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ በነጻ አግኝተን በሩን እንዘጋበታለን ማለት ነው!

ስለ ሐይቁ ካነሣን ዘንድ፣ ሙቀት ለማብረድ ብሎ ከጣና ዳር መግባት ሌላ ጣጣ አለበት። በዳርቻው የቢልሃርዝያ ትል አለ፤ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ወደ ውሃው የሚመለሰውም ሰው በዳርቻው ሲጸዳዳ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ፤ ከሐይቁ የተቀዳውን የገላ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ሁለት ቀን ከድናችሁ አቆዩት። የሚጠጣው ግን የግድ መፍላት አለበት።

በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ቢቀባዥር፣ ቢንገዳገድ፣ ገላው እንደ እሳት ቢፈጅ፣ ይህ የትንፋሽ ነገር አይደለም፤ የሚገድል ነው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ልብሱን አላሉለት፤ መላ ገላውን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም። መኪናም ሆነ ባጃጅ ፈልጋችሁ፣ እያራገባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ባለፈው ይህንኑ ስንናገር አንዲት እናት «ልጆቼ፣ እርጥብ ነጠላ ደርቤ መስኮት ሥር ብቀመጥ ምች አይለቀኝም» አሉን። እኛም «እማማ፣ እንግዲያው ዛሬ ጨርቁን አርጥበው እጅዎንና አንገትዎን ብቻ ያብሱ፤ በሩንም ገርበብ ያድርጉት» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እስኪ በእግሬ ልጀምር» አሉ።