በሰው ፊት ስንቆም አንደበታችን ለምን ይያዛል?

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀማዓው የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ንግግር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ዕድሜያችሁ ጠና ያለው በሰው ፊት መቆም ምን ያህል ያስጨንቀኝ እንደነበር ታስታውሳላችሁና። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሊቅ ትምህርት ሳይሆን በራሴ የደረሰውንና ከደረሰብኝ በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ከዓመታት በፊት ስለ መቃብር ቦታችን ወሰን የሚነጋገር ስብሰባ ተጠርቶ ጀማዓው እኔን ወክሎ ላከኝ። ሌሊቱን በፋኖስ ተቀምጬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ጽሑፉ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው»፣ «ከዚህ አንጻር ሲታይ» በሚሉ ቃላት የታጨቀ፣ ከሬዲዮና ከጋዜጣ የለቀምኩት፣ በቤቴ አንድም ቀን ተናግሬው የማላውቀው አማርኛ ነበር። ተራዬ ደርሶ ስነሳ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ አፌ ደረቀ፤ ወረቀቱ በእጄ ላይ ይርገበገብ ጀመር። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ የማነብበት ቦታ ጠፋብኝና «ይቅርታ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጉዳያችንም «አስተያየት ያለው የለም» ተብሎ ታለፈ። ስንወጣ አብረውኝ የነበሩ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ጅረቱ ከየት ወዴት እንደሚወርድ ታውቅ የለም? ያንን ብትነግራቸው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሠርግ፣ በለቅሶ ወይም በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ ይሆናል። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ መንቀጥቀጡ በሽታም የኢማን ጉድለትም አለመሆኑን ነው። ሰው አደጋ የመጣበት ሲመስለው አካሉ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደሙ ይለቃል። ያን ጊዜ ልብ ትፈጥናለች፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምራቅ ይደርቃል። ጫካ ውስጥ ጎሽ ቢገጥመን የሚያድነን ይኸው ነው። ችግሩ አካላችን ጎሹንና መቶ ሰው የሚያይበትን ዓይን አለመለየቱ ነው። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት ልብን ያረጋጋል። ደግሞም መንቀጥቀጡ ለተናጋሪው የሚሰማውን ያህል ለሰሚው አይታይም። በነገራችን ላይ፣ በቡና መገኛ ምድር ቆሞ ይህን ማለት ድፍረት ቢሆንም፣ ልቡ የሚመታበት ሰው ከመናገሩ በፊት ሦስት ሲኒ ባይደርብ መልካም ነው። ቡናው ከንግግሩ በኋላ ይደርሳል።

ለነቢያት እንኳ ይህ ጉዳይ ቀላል እንዳልነበረ እናውቃለን። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ ደረታቸው እንዲሰፋላቸውና የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን ለመኑ። ልብ በሉ፣ ከምላስ በፊት ደረትን አስቀደሙ። ወንድማቸው ሃሩንም ከእርሳቸው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ በመሆናቸው አጋዥ እንዲሆኗቸው ጠየቁ። ምላስ የሚይዘው ሰው ከመልእክቱ አልተሰረዘም፤ አጋዥ ተጨመረለት። እኛ ግን «ይህን ለሚችል ስጡት» ብለን ከነጉዳያችን እንሸሻለን።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ በዚህችው በሐበሻ ምድር፣ በነጃሺ ፊት የተደረገው ንግግር ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ነገር ግን እንደ ተናጋሪ ሆነን አንድ ጊዜ እንመልከተው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በ615 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ከመጡ በኋላ ቁረይሾች እነርሱን የሚያስመልሱ ሁለት መልእክተኞች ላኩ። አንደኛው በብልሃቱ የታወቀው ዐምር ኢብኑል ዓስ ነበር። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች የቆዳ ስጦታ አድለዋል፤ የሚሉትንም አዘጋጅተዋል። ስደተኞቹ በሰው አገር ያሉ፣ ዘመድ የሌላቸው ናቸው። ንጉሡ ሲጠራቸው ተሰብስበው ምን እንበል ብለው ተመካከሩ። የተስማሙትም የመጣው ይምጣ፣ የምናውቀውንና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩንን እንናገራለን በሚል ነበር።

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተነስቶ ሲናገር በውዳሴ አልጀመረም። የጀመረው ከገዛ ወገኖቹ ጉድለት ነው፤ ጣዖት ያመልኩ እንደነበር፣ ጥንብ ይበሉ እንደነበር፣ ኃይለኛው ደካማውን ይበላ እንደነበር ተናገረ። የኖረውን ስለተናገረ የሚጠፋበት ነገር አልነበረም። ንጉሡ ከመጣላቸው መልእክት እንዲያሰማው ሲጠይቀው ከሱረቱ መርየም አነበበለት፤ ነጃሺም ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ።

እንደ እኔ ግን ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ዐምር ተመልሶ «ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቃቸው» አለ። ይህ ወጥመድ ነበር። በዚያ ቤተ መንግሥት የሚያስደስት መልስ ምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩትና ታሪኩን ያቆዩልን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደዚያ ያለ ጭንቅ ደርሶባቸው እንደማያውቅ ተርከዋል። ሆኖም እንደገና ተመካክረው ያንኑ አሉ። ጃዕፈርም ያመነውን ሳያሳንስና ሳያስጌጥ ተናገረ። ነጃሺ ከመሬት በትር አንስቶ፣ በእርሱና በተባለው መካከል የዚያችን በትር ያህል እንኳ ልዩነት እንደሌለ አስታወቀ። የቁረይሾች ስጦታም ተመለሰ።

እኔ ሦስት ገጽ ስጽፍ የጎደለኝ ይኸው ነበር። የማውቀውን ጅረት ትቼ የማላውቀውን አማርኛ ተሸክሜ ገባሁ።

የቋንቋውን ነገር ካነሳን ዘንድ፣ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን አማርኛው እንዳይሳቅበት ፈርቶ ነው። በካፊ ኖኖ «ኖኖ» ማለት አፍም ቋንቋም ነው። አማርኛውም ቢሆን «አፍ መፍቻ» ይላል። ሰው አፉን የፈታበትን ቋንቋ ካፈረበት አፉን መልሶ አሰረ ማለት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር። የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሲሰድቧቸው እስኪወጡ ድረስ በዝምታ ጠበቁ፤ ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። ንግግሩ በዚያን ጊዜ እርዳታ አላስገኘላቸውም፤ ማኅበሩ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ እንኳ ወዲያው አነሳ። ደህና የተናገረ ሁሉ ይሰማል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ያ ንግግር እስከ ዛሬ ይነሳል።

በመስጂዳችን ሐሙስ ሐሙስ ከዒሻ በኋላ የምንቀመጠው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዱ ይነሳል፤ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ፣ በሚቀናው ቋንቋ፣ ስለሚያውቀው ነገር ይናገራል። ስለ ንብ ቀፎ የተናገረ አለ፤ ስለ ሞተው ልጁ የተናገረም አለ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በአነጋገር መሳቅ የለም። ሆኖም በመጋረጃው ወዲያ ካሉት እህቶቻችን እስከ አሁን የተነሱት ጥቂት ናቸው፤ በዚህም ጥፋቱ የእኛ የወንዶቹ ይመስለኛል። ከሶሐባ ሴቶች አስማእ ቢንት የዚድ (ረ.ዐ) የሴቶች ተናጋሪ ተብለው የሴቶቹን ጥያቄ ይዘው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ይቀርቡ እንደነበር እያወቅን፣ ለእህቶቻችን መናገሪያ ሰዓት እንኳ አልለየንም።

ወደ መቃብሩ ጉዳይ ልመለስ። በሌላ ጊዜ ስብሰባው እንደገና ሲጠራ እኚያን አባት ከጎኔ አስቀምጬ ገባሁ። ወረቀት አልያዝኩም፤ «የአባቴ መቃብር ከጅረቱ ወዲህ ነው» የምትለውን የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ በቃሌ ይዤ ነበር። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ከአንድ ከማውቀው ጎረቤት ፊት ላይ ጥዬ ጅረቱ ከየት እንደሚነሳ፣ በየት እንደሚታጠፍ፣ የእነማን ሙታን በየትኛው ዳር እንዳረፉ ተናገርኩ። አማርኛ ሲያጥረኝ በካፊ ኖኖ አልኩት፤ ጎኔ ያሉት አባትም አቀኑልኝ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ብዕሩን አነሳና «የጅረቱን ስም እስቲ ድገምልኝ» አለኝ። ደገምኩለት፤ ጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት የመለኪያ ገመድ ይዘው መጡ።