ማርሽ መቀነስ

የዛሬው ርዕሳችን ማርሽ መቀነስ ነው፤ የመኪና ሳይሆን የሥራ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቡ። ሾፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በኋላም አልይዝ ይላል። ስለዚህ ገና ከላይ ሳለ ማርሽ ይቀንሳል። መኪናው ግን አልቆመም።

ሥራም እንዲሁ ነው። ኃላፊነቱ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከደነገጣችሁ፣ ከአለቅነት ወደ ባለሙያነት መመለስ ማርሽ መቀነስ ነው። ሰው ምን ይለኛል? ሰው የቤት ኪራያችሁን አይከፍልም! ይልቅ ደመወዙን አስሉ። ጡረታም ከደመወዝ ጋር ይያያዛልና እሱንም ጠይቁ። ደግሞ አንዳንዴ የሚከብደው ሥራው ሳይሆን አለቃው ነው፤ ያኔ ክፍል መቀየር ይበቃል።

እንግዲህ ማርሽ ከመቀነሳችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ የወር ወጪያችሁን ጻፉ።